የብርጭቆ ወረቀትና የዋልያው ቀንድ

በባለሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሚናቁት ዕቃዎች አንዱ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ምስማርና ቀለም ለሚገዛ ደንበኛ እንደ ተጨማሪ ይሸጣል፤ ቁጥሩን የሚጠይቅ ገዢም ሆነ የሚያስረዳ ሻጭ ጥቂት ነው። ሆኖም ከዳባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ በሚደርሰው መንገድ ላይ ለሚነግድ ሰው ይህ ንቀት ኪሳራ ነው።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዋልያም በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከወይራ ወይም ከዋንዛ የተቀረጸ ትንሽ የዋልያ ምስል ለእንግዳ የሚስማማ ማስታወሻ ነው። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በጸጥታ ጉድለት የጎብኚው ቁጥር ስለ ቀነሰ፣ ለሚመጣው ጥቂት እንግዳ የሚቀርበው ሥራ ይበልጥ የጠራ ሊሆን ይገባዋል።

የእንዲህ ያለ ሥራ ዕድል የሚወሰነው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ቀራጩ በመሮና በቢላዋ ቅርጹን ካወጣ በኋላ ሻካራ ወረቀት ብቻ ካገኘ፣ የቀንዱን ቀለበቶች ይደመስሳል። አሸዋው ቶሎ የሚረግፍ ወረቀት ከገዛም፣ አልፋቅ ሲለው እጁን አበርትቶ ይጫናል፤ ቀጭኑ ቀንድም ይሰበራል። የብዙ ቀን ድካም በአንድ ርካሽ ወረቀት ይጠፋል።

ዕቃው ስሙን ከጥንት ወረሰ እንጂ፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚለጠፍበት የተፈጨ ብርጭቆ አይደለም። ለእንጨት የሚበጀው አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተባለው ነው፤ በተለይም በጨርቅ ላይ የተለጠፈው ሲታጠፍ ቶሎ ስለማይቀደድ ለጠባብ ቦታ ይመቻል። ለከብት ቀንድ ሥራ ግን በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ ሲሊኮን ካርባይድ ይመረጣል፤ ውሃው አቧራውን ይይዛል፣ ሙቀቱንም ያበርዳል። በእግሮችና በጆሮዎች መካከል ለመግባት ትንንሽ የብረት ሞረዶች ያስፈልጋሉ። እንደ ጽድ ያለ ሙጫ ያለው እንጨት ወረቀቱን ስለሚደፍነው፣ በብሩሽ እያራገፉ መሥራት ዕድሜውን ያረዝማል።

የሥራው ቅደም ተከተል 120፣ ከዚያም 240፣ በመጨረሻም 400 ቢሆን መልካም ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ያለፈውን ጭረት ያጠፋል፤ መካከለኛው ቢዘለል ጭረቱ በቫርኒሽ ሥር ጎልቶ ይታያል። አስመጪውም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የቁጥሩን ሥርዓት ሊጠይቅ ይገባዋል። በአውሮፓ ሥርዓት «ፒ» የሚል ፊደል የሚቀድመው 400፣ በአሜሪካ ሥርዓት ወደ 320 ይጠጋል።

የአካባቢው አየርም መረሳት የለበትም። በደባርቅ ደጋ የክረምቱ እርጥበት ወረቀቱን ያልማል፤ በዛሪማ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ያጠቀልለዋልም። ስለዚህ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ሥፍራ፣ በመጠቅለያው እንዳለ ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት።

«ደንበኛው የሚፈልገው ርካሹን ነው» የሚል ባለሱቅ አይጠፋም። ነገር ግን አንዱ ሉህ የሌላውን ሁለት እጥፍ ዋጋ ቢያወጣና አራት እጥፍ ቢያገለግል ርካሹ የትኛው ነው? ቀራጩን የሚያግደው አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የሙሉ ሉህ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከኪሱ አለመገኘቱም ነው። መፍትሔው በባለሱቁ መቀስ ላይ ነው። ጥሩውን ሉህ በአራት ቆርጦ፣ ቁጥሩን በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ጽፎ ቢሸጥ፣ ድኻው ቀራጭ ከሦስቱም ቁጥር ሩብ ሩብ ይገዛል። ቁጥሩ ሳይጻፍበት የተቆረጠ ወረቀት ግን ገዢውን ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም።

ነጋዴ የሚያተርፈው ደንበኛው ሲያተርፍ ነው። ዋልያውን ቀንዱ ሳይሰበር የሸጠ ቀራጭ ለሚቀጥለው ሥራው ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል፤ ቀንዱ የተሰበረበት ግን መሮውን አስቀምጦ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።