ስለ ዋና ትምህርት አጀማመር

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ስለዚህም ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከወንዝ ዳር ማራቅ ብቻ በቂ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ወለጋ ዝናሙ የበዛ፥ ወንዙም የበረከተ አገር ነውና በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ የሚያድግ ልጅ ከውኃ ጋራ መገናኘቱ አይቀርም። የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሄዳል፤ ተደብቆ የሄደም በጭንቅ ጊዜ የሚያወጣው ሰው አጠገቡ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል፤ ከአራቱም አንዱ ያህል ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነበረ። ስለዚህ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ማስተማርም ይገባል እንላለን።

ዋና ለጐልማሳም ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ወረቀት ሲመረምር ለሚውል ሹም ክንዱን፥ እግሩንና ሳንባውን ባንድነት ያሠራለታል። ውኃውም የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከሩጫ ይልቅ ይቀለዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ውኃን መምረጥ ያስፈልጋል። በዲዴሳ ወንዝ ጉማሬና አዞ ይገኛሉ፤ በፊንጫ ሸለቆም የቢልሃርዚያ በሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። የዚህ በሽታ ትል በውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ ባልቈሰለ ቆዳ እንኳ ዘልቆ ይገባል። የውኃውም መልክ ምስክር አይሆንም፤ የላንጋኖ ሐይቅ መልኩ ደፍርሶ ሳለ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ ይታወቃል፤ ጥርት ያለ ኩሬ ግን ሊበክል ይችላል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው በክሎሪን የሚጸዳ፥ ወለሉ የሚታይ፥ ጥልቀቱም ከደረት የማያልፍ የዋና ገንዳ ነው።

አጀማመሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ቀን የገንዳውን ጠርዝ ይዞ መቆም፤ አየር በአፍ ስቦ ፊትን ውኃ ውስጥ መንከርና ትንፋሹን በአፍና በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማውጣት፤ ይህንም አሥር ጊዜ መደጋገም ነው። ብዙ ሰው የሚሰጥመው ጉልበት አጥቶ ሳይሆን በድንጋጤ ትንፋሹ ስለሚታወክ ነውና ይህ ትምህርት የሌላው ሁሉ መሠረት ነው። በሁለተኛው ቀን የሚያውቅ ሰው እጁን ከጀርባ በታች ደግፎ በጀርባ መንሳፈፍን፥ ከመንሳፈፍም ተመልሶ በእግር መቆምን ያስተምራል። ከዚህ በኋላ ጠርዙን ይዞ እግርን ከዳሌ ጀምሮ ማወራጨት፤ ቀጥሎም ግድግዳውን በእግር ገፍቶ መንሸራተት፤ የክንድ ሥራ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

የነቀምቴ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ያለከልካል፤ የደጋውም ውኃ ይበርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ገብቶ፥ በመካከሉ እያረፉ፥ 15 ወይም 20 ደቂቃ መሥራት ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል፤ ሰውነት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወዲያው መውጣት ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማዘውተር አንድ ቀን ውሎ ከመድከም ይሻላል። ጠጅ ጠጥቶ መግባት አደገኛ ነው። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ሕፃን ሲዋኝ ደግሞ አዋቂ ሰው እጁ በሚደርስበት ርቀት ይቁም፤ ዓይኑንም አያንሣ።

ሌላ ሰው ሲሰጥም ያየ ሁሉ ዋና ገና ሳይለምድ ዘሎ አይግባ፤ አንዱን ለማዳን ሲባል ሁለት ሰው የሚጠፋው በዚህ ነው። ገመድ፥ ረጅም በትር ወይም አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት፤ ጮኾም ሰው ይጥራ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በመጪው የዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ንጹሕ ገንዳ ውረዱ፤ ዋና የማታውቁም ብትሆኑ ከልጆቻችሁ ጋራ አብራችሁ ጀምሩ። አባቱ ሲማር ያየ ልጅ ተደብቆ ወደ ወንዝ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል።