«ሐዳሽ አሖራ»፦ የሥራውን ቋንቋም እንማር

እኔ ከሦስተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩ፣ እድሜዬም ከአርባ አምስት ያለፈ ሰው ነኝ። ብዕር መያዝ የለመድኩት እዚሁ ኡልፓን ውስጥ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ስለዚህ የፊደል ስሕተት ብታገኙ አትፍረዱብኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትልልቅ ጉዳይ አይደለም። ስለ ወተት፣ ስለ ቆርቆሮ ቲማቲም፣ ስለ ሱቅ መደርደሪያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔን ግን ከሥራ ሊያስወጣኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ጧት ጧት ኡልፓን እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአንድ ሱፐርማርኬት ሳድራን ሆኜ እሠራለሁ። ሳድራን ማለት እቃ ደርዳሪ ማለት ነው። በገባሁ በሦስተኛው ቀን አለቃዬ፣ መናሄል የሚሉት፣ ወተት ያለበት ማቀዝቀዣ ፊት አቆመኝና በጣቱ እያመለከተ ቶሎ ቶሎ «ያሻን ቀዲማ፣ ሐዳሽ አሖራ!» አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገመልኝና ወደ ሌላ ጉዳዩ ሄደ።

እኛ ደግሞ በዚያው ሳምንት ኡልፓን የተማርነው «ሁ ያሼን» የሚለውን ነበር። እሱ ተኝቷል ማለት ነው። «ቀዲማ»ን አውቶቡስ ላይ ሰው ሲጋፋ ሰምቻታለሁ፤ ወደ ፊት፣ ቶሎ በል ማለት ናት። «ሐዳሽ»ማ ምን ይጠፋናል! ከአውሮፕላን ከወረድን ጀምሮ ስማችን «ኦሌ ሐዳሽ» ነው፤ አዲስ ገቢ። «አሖራ» ወደ ኋላ ነው። እንግዲህ እናንተው ደምሩት። እኔ የገባኝ «አንተ እንቅልፋም፣ ተንቀሳቀስ! አንተ አዲስ መጪ፣ ወደ ኋላ!» ብሎ እንደ ሰደበኝ ነው።

ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ፈላ። የአምስት ልጆች አባት ሆኜ፣ በሰው ፊት እንቅልፋም እባላለሁ? ግን እንዳደግንበት አንገቴን ደፍቼ «ኬን፣ ኬን» አልኩ። አዎ፣ አዎ ማለቴ ነው። ከዚያ እንቅልፋም አለመሆኔን ላሳየው ብዬ እንደ ማሽን ሠራሁ። ከማሕሳኑ፣ ከመጋዘኑ ማለት ነው፣ የመጣውን አዲስ ወተት በሙሉ ፊት ለፊት ደረደርኩት። የቆየውን ወደ ኋላ ገፋሁት። በእኔ ቤት ጥሩ መሥራቴ ነው። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብለት ትኩሱ ነው እንጂ ያደረው ነው እንዴ?

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከኋላ የቀረው ወተት ቀኑ አለፈ። አንድ ሙሉ ሳጥን ተጣለ። መናሄሉ ጠርቶ ሳጥኑን እያሳየ «ፓግ ቶኬፍ! ፓግ ቶኬፍ!» እያለ ጮኸብኝ። እኔ አሁንም «ኬን፣ ኬን»። እሱ የበለጠ ተናደደ። እኔም ከነገ ወዲያ እዚህ ቤት አልመጣም ብዬ በልቤ ቆረጥኩ።

ያዳነችኝ በልጅነቷ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣች፣ ገንዘብ ተቀባይ የሆነች እህታችን ናት። ጉዳዩን ስነግራት ሳቀች፣ ኋላ ግን አዘነች። «አያ፣ እሱ ስለ አንተ አልተናገረም እኮ! ስለ ወተቱ ነው። ‹ያሻን› ማለት የቆየ፣ አሮጌ ማለት ነው። የቆየውን ወደ ፊት፣ አዲሱን ወደ ኋላ ነው ያለህ» አለችኝ። ያሼንና ያሻን ሲጻፉ ፊደላቸው አንድ ነው፤ ነጥቡ ካልተደረገ አይለዩም። ለእኔ ጆሮ ደግሞ ድምፃቸውም አንድ ነበር። ለካ በዚያች ሳምንት ስድብ ተሸክሜ የከረምኩት ማንም ሳይሰድበኝ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራውን ቃላት እየጠየቅሁ በደብተሬ ጻፍኩ። ነገ እናንተም ልትገቡበት ስለምትችሉ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ በአገራችን ሱቅ ባለሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ስኳር ስጠኝ፣ ጨው ስጠኝ ስንለው አንሥቶ ይሰጠናል። ስለ እቃው የሚናገረው እሱ ነው። እዚህ ግን ገዢው ራሱ ያነሣል፤ የሚያናግረው ሰው የለም። ስለዚህ መደርደሪያው፣ ማዳፉ፣ ራሱ መናገር አለበት። ለዚህ ነው «ፌይሲንግ» የሚባል ሥራ ያለው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ፊት ከማለት። እቃው ሲሸጥ መሐሉ ይቦረቦራል። ሳድራኑ ከኋላ የቀሩትን እስከ ማዳፉ ጠርዝ ይስባቸዋል፣ ጽሑፋቸውን ወደ ገዢው ያዞራል። ሦስት ቆርቆሮ ብቻ ቢቀር እንኳ ከፊት ሲሰለፍ ሱቁ ሙሉ ይመስላል። ዋጋው የተጻፈው በማዳፉ ጠርዝ ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ እቃ በራሱ ዋጋ ላይ መቀመጥ አለበት። ያለቦታው ከተቀመጠ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሲደርስ ጠብ ነው።

ሁለተኛ፣ ያ የቆየውን ወደ ፊት የማድረግ ነገር «ሮታጽያ» ይባላል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ ማለት ነው። ገዢውም ሞኝ አይደለም፤ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ረጅም ቀን ያለውን ይፈልጋል። የቀረውን እንደገና የሚያስተካክለው ሳድራኑ ነው። ይህ ካልተሠራ «ፓግ ቶኬፍ» ይመጣል፤ ቀኑ ያለፈበት ማለት ነው። የተጣለው፣ የተሰበረውና የተሰረቀው ሁሉ ተደምሮ «ፕሓት» ይባላል፤ የሱቁ ኪሳራ ነው። መናሄሉ የጮኸው ለዚህ ነበር።

ቀኑን ስታነቡም ተጠንቀቁ። እቃው ላይ «ለሺሙሽ አድ» ከተባለ እስከዚህ ቀን ተጠቀሙ ማለት ነው፤ እንደ ወተትና ሥጋ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ላይ ይጻፋል። «አዲፍ ለሂሽታሜሽ ሊፍኔይ» ከተባለ ደግሞ ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙበት ይሻላል ማለት ነው፤ እንደ ፓስታ ያለ ደረቅ ነገር ላይ ይገኛል። ሳድራን የሆነ ሰው አንዱም ቀን ያለፈበት ካየ ለአለቃ ይናገር። ደግሞ 6 ተብሎ የተጻፈውን ወር እንደ እኛ ቆጥራችሁ የካቲት እንዳትሉት። የእኛ ቁጥር ከመስከረም ይጀምራል፤ የእነሱ 6 ሰኔ አካባቢ ነው። እኔ በዚህም አንድ ቀን ተሳስቻለሁ።

ሌሎችም አሉ። «ሖሴር» የጎደለ እቃ ነው። «ሚሽታሕ» እቃ ተጭኖበት የሚመጣው የእንጨት ርብራብ ነው። የረድፉ ጫፍ፣ ቅናሽ ያለው እቃ የሚቆለልበት፣ «ሮሽ ጎንዶላ» ይባላል። ሮሽ እንግዲህ የእኛው ራስ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ገረመኝ። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። እናቴ ቤት የነበረው ጎታ ከላይ አፍ ነበረው፣ ከታች ደግሞ በጭቃ የምትደፈን ቀዳዳ። አዲሱ እህል ከላይ ይገባል፤ ለምግብ የሚወጣው ከታች፣ የቆየው ነው። አለዚያ የከረመውን ነቀዝ ይጨርሰዋል። ታዲያ ይህ ሮታጽያ አይደለም? እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥራውን ግን ታውቀው ነበር። ቃሉም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ሳድራን፣ የጸሎቱ መጽሐፍ ሲዱር፣ የፔሳሕ ሌሊት ሴዴር፣ ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ እኛም በመልክ ያስቀመጥነውን ሰደርነው እንላለን። ቀዲማ ቀደመ ነው። ሐዳሽ ሐዲስ ነው። የጎደለን እውቀት አይደለም፤ የጎደለን የዚህ አገር የሥራ ቃል ነው።

በፔሳሕ ሰሞን የሆነውም ይህንን ያሳያል። ሐሜጽ ያለበትን ማዳፍ ሁሉ በፕላስቲክ መሸፈን ነበረብን። በዚያ ቀን መናሄሉ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። እርሾ ያለበትን ነገር ከቤት ማራቅ ከልጅነቴ የማውቀው ነው። የትኛው እንደሚሸፈን ሳልጠየቅ ለይቼ ሸፈንኩ። ሰው የሚሠራውን ነገር ምክንያት ሲያውቅ እጁ አይንቀጠቀጥም።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። አንዳንድ ጎረቤቶቼ «የመደርደሪያ ቃል ምን ይጠቅምሃል? ትክክለኛውን ዕብራይስጥ ተማር። ሳድራን ሆነህ ልትኖር ነው እንዴ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሳድራን ሆኜ ላረጅ አልመጣሁም። ነገር ግን ዛሬ የልጆቼ ዳቦ የሚገዛው በዚህ ሥራ ነው። ሐኪም ቤትና ባንክ ስንሄድ ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን፤ እነሱ ይተረጉሙልናል። ሥራ ቦታ ግን ልጅ ይዞ አይኬድም። እዚያ እኛና ቃሉ ብቻ ነን የምንገናኘው። ቃሉን ያላወቀ ሰው ሰነፍ ይባላል፣ እሱም የተሰደበ ይመስለዋል። በሁለቱም ወገን ቂም ይፈጠራል፤ መነሻው ግን አንድ ሳጥን ወተት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ፣ መናሄሉም አለበት። ፈጥኖ ተናግሮ ሄደ፤ ገባህ ወይ ብሎ አልጠየቀም። አዲስ ሰው የሚቀጥር አለቃ በአፉ የተናገረውን በእጁ ቢያሳይ ምን ይከብደዋል? ይሁን እንጂ የበለጠው ጥፋት የእኔ «ኬን፣ ኬን» ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምተን አደግን። እዚህ አገር ግን ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባም። እኛ ኬን የምንለው ለአክብሮት ነው፤ እነሱ የሚሰሙት ገብቶኛል የሚለውን ነው። ያልገባኝን ገባኝ ማለት ጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ሰውየውን ማሳሳት እንደ ሆነ ተረድቻለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ኡልፓናችን በሳምንት አንድ ሰዓት ለሥራ ቃላት ይስጠን። እያንዳንዳችን ከምንሠራበት ቦታ የሰማነውን ቃል ይዘን እንምጣ፤ የጽዳት ሠራተኛው፣ ፋብሪካ ያለችው፣ አረጋውያን የምትጦረው፣ ወጥ ቤት ያለው። ሞራችን ይህን ብነግራት ደስ አላት፤ በማግሥቱ ባዶ የወተት ካርቶን ይዛ መጥታ ቀኑን አስነበበችን። ያን ቀን የተማርነውን ማንም አልረሳም። ሁለተኛ፣ ሁላችንም አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃላችን እንያዝ፦ «ሎ ሄቫንቲ፣ ታርኤ ሊ»። አልገባኝም፣ አሳየኝ ማለት ነው። ለሴት ሲሆን «ታርኢ ሊ» ነው። ይህን መናገር አያሳፍርም። እኔ ከኬን ይልቅ በዚህች ተከብሬአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከእኛው መርከዝ አንድ ወንድማችን እዚያው ሥራ ገባ። መናሄሉ እንደ ልማዱ «ያሻን ቀዲማ፣ ሐዳሽ አሖራ!» ብሎት አለፈ። የልጁ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ጠጋ ብዬ ወተቱን በእጄ እያንቀሳቀስኩ አሳየሁትና «አይዞህ ወንድሜ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ወተቱ ነው፤ አንተ አይደለህም» አልኩት።

ሰላም ሁኑ። ከየሥራችሁ የሰማችሁትን ቃል ለጋዜጣችን ላኩ።