የሎተሪው ገንዘብና የልጆቻችን ውጤት
ከዓምዱ ጸሐፊ፣ አትላንታ

አንድ ወዳጄ ክላርክስተን አቅራቢያ ባለ ነዳጅ ማደያ ማታ ማታ ይሠራል። ከጀርባው የሚፋቁት የሎተሪ ትኬቶች በየቀለማቸው ተደርድረዋል። ከሥራ የወጣ ሰው ይገባል፣ «የአምስት ዶላሩን ሁለት ስጠኝ» ይላል፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆሞ በሳንቲም ይፍቃል፣ ካልወጣለት ብናኙን በመዳፉ ጠርጎ አንድ ይደግማል። አብዛኞቹን ወዳጄ በስም ያውቃቸዋል፤ በሰዓት ሒሳብ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ናቸው። ባለፈው ዓመት ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ፣ የጆርጂያ ስቴት የሆፕ ስኮላርሺፕ እንደማይሰጣት ደውላ የነገረችው እዚያው ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ሳለ ነው። የሆፕ ገንዘብ ደግሞ የሚመጣው እሱ ሲሸጥ ከሚያድረው ሎተሪ ነው።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ቤተሰቡ በዲቪ የመጣው እሷ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ስትል ነበር። የትምህርት ቤቷ ወረቀት ጂፒኤዋን 3.4 ይላል፤ ስቴቱ ለሆፕ ያሰላው ግን 2.96 ነው። የሚፈለገው 3.0 ነው። አባቷ መጀመሪያ ስህተት መስሎት ነበር፣ እኔም መስሎኝ ነበር። አብረን ቁጭ ብለን ስናየው ግን ስህተት የለውም። ትምህርት ቤቱ ስፖርቱንም ሥዕሉንም ኮምፒውተሩንም ይደምራል፣ ለከባድ ኮርስ የራሱን ጭማሪ ይሰጣል። ስቴቱ የሚቆጥረው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ትምህርትና የውጭ ቋንቋ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱን ጭማሪ ያነሳና ኤፒና አይቢ ለሚባሉት ከባድ ኮርሶችና በኮሌጅ ለተወሰዱት የራሱን ግማሽ ነጥብ ይጨምራል። ቋንቋው ገና ሳይገባት ዘጠነኛ ክፍል ያመጣቻቸው ሁለት ሲዎች እስከ አሥራ ሁለተኛ ተከትለዋት መጡ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያመጣችው ኤ በአራት መቶኛ ነጥብ ሳይደርስላት ቀረ።

የሚያንገበግበኝ ይህ ቁጥር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ የሚታይ መሆኑ ነው። ተማሪው ገብቶ ሊያየው ይችላል። ለወዳጄ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ማንም ይህን አልነገረውም። ካውንስለሯ ስንትና ስንት መቶ ልጅ ትይዛለች፤ እሱ ደግሞ ቀን ይተኛል፣ ማታ ይሠራል። ወረቀቱ 3.4 ሲል «ጎበዝ!» ብሎ ግንባሯን ስሟት ወደ ሥራው ሄደ።

እኛ ያደግነው በማትሪክ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልሆነለት ተማሪ ለፈተናው ሌሊት ከሌሊት አጥንቶ በአንድ ሳምንት ሕይወቱን ሊቀይር ይችል ነበር። ውጤት ከመጣ መንግሥት ይመድብሃል፣ መኝታውም ካፌውም እዚያው ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ሲባል የምናስበው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንድ ፈተና ነው። ጆርጂያ ውስጥ ግን ማትሪኩ አራት ዓመት ይፈጃል፤ የሚጀምረውም ልጁ ትምህርት ቤቱን በቅጡ ሳይለምድ ነው። እንዲያውም ከዚያ ይቀድማል። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል ላይ ፈጣኑን የሒሳብ መስመር ያልያዘ ልጅ ካልኩለስ ሳይወስድ ሊጨርስ ይችላል። ያንን መስመር ጠይቆ የሚያስገባው ደግሞ አሠራሩን የሚያውቅ ወላጅ ነው።

የስኮላርሺፑን ታሪክ ላስታውስ። የጆርጂያ መራጭ ሎተሪውን በጠባብ ልዩነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 ነው። የያኔው ገዥ ዘል ሚለር ገንዘቡ ለትምህርት እንደሚውል ቃል ገብቶ ነበር፣ ሆፕም በ1993 ተጀመረ። ያኔ ስኮላርሺፑን ለማግኘት የቤተሰቡ ገቢ ከ66,000 ዶላር መብለጥ አልነበረበትም። በዓመቱ ጣሪያው ወደ 100,000 ከፍ አለ፣ በ1995 ጭራሽ ተነሳ። በሌላ በኩል ፔል የሚባለውን የፌዴራል ድጎማ የሚያገኝ ድሃ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገኘው ፔል ከሆፑ ላይ ይቀነስበት ነበር። የሐኪም ልጅ ሙሉውን ሲወስድ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ከመጽሐፍ መግዣ ያለፈ የማያገኝበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ያ ሕግ በኋላ ተስተካክሏል። አሳቡ ግን አልሞተም።

በ2011 ገንዘቡ ሲያንስ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሆፕን ለሁለት ከፈለው። 3.7 ያለውና ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በአንድ ጊዜ 1200 ያመጣ ተማሪ ዘል ሚለር ስኮላርሺፕ የሚባለውን ይዞ ሙሉ የትምህርት ክፍያ አገኘ፤ የቀረው ቅናሽ ሆፕ ይዞ ጎደሎውን ከኪሱ ሞላ። የመጽሐፉና የአገልግሎት ክፍያው ድጋፍ ለሁሉም ተቋረጠ። የጆርጂያ ተማሪዎች አማካይ የኤስኤቲ ውጤት 1100 እንኳን አይደርስም። 1200 የሚያመጣው በብዛት በክፍያ የሚያስጠና ማዕከል የተላከ፣ ፈተናውን ሁለቴ ሦስቴ የወሰደ የደህና ሰፈር ልጅ ነው። ከ2023 መኸር ጀምሮ ሆፕም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን የትምህርት ክፍያ እንደገና ሙሉ በሙሉ መሸፈን ጀምሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ላመሰግን እወዳለሁ። ነገር ግን በየዓመቱ በበጀት የሚወሰን ነው፤ የቤት ኪራይን፣ ምግብንና የአውቶቡስን ነገር አይነካም።

ያንን ሁሉ የሚሸፍኑት ትልልቆቹ ሽልማቶች ጥቂት ናቸው። ጆርጂያ ቴክ ከ50,000 በላይ ማመልከቻ በሚቀበልበት ዓመት የስታምፕስ ስኮላርሺፑን የሚሰጠው ለ40 ገደማ ልጆች ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ፋውንዴሽን ፌሎውሺፕም ከ1972 ጀምሮ የኖረ ቢሆንም በዓመት የሚወስደው ከዚያም ያነሰ ነው። ለእነዚህ ውጤት ብቻውን አይበቃም። ምን መራህ፣ ማንን ረዳህ፣ ምን መሠረትክ ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ስለ ልጆቻችን የማየው አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ታናናሾቿን ከአውቶቡስ ተቀብላ፣ እራት ሠርታ፣ የቤት ሥራቸውን አሠርታ የምታስተኛ ልጅ ማመልከቻው ላይ «ከትምህርት ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲል ባዶ ትተወዋለች። በእኛ ቤት ያ ሥራ አይባልም፤ ልጅነት ነው። ለእናቷ ሆስፒታል ስታስተረጉም የዋለችባቸውን ቀናት አትጽፍም። መጻፍ ነበረባት።

አግኝቶ ማቆየቱም ሌላ ዳገት ነው። ሆፕ ያለው ተማሪ ኮሌጅ ውስጥ 3.0፣ ዘል ሚለር ያለው 3.3 መያዝ አለበት፤ በ30፣ በ60 እና በ90 ክሬዲት ላይ ይታያል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህራን ክሪስቶፈር ኮርንዌልና ዴቪድ መስታርድ ሆፕን ለዓመታት አጥንተዋል፤ ተማሪዎች ውጤታቸውን ላለማበላሸት ኮርስ እንደሚያቋርጡና ወደ ክረምት እንደሚያሸጋግሩ አሳይተዋል። ኬሚስትሪና ካልኩለስ ሲያጋጥመው በሳምንት ሃያ ሰዓት የሚሠራው ልጅ ነው ቶሎ የሚንሸራተተው። ዶክተር ትሆናለች የተባለችው ልጅ ስኮላርሺፑን ለማዳን ትምህርቷን ስትቀይር አይቻለሁ።

የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ 4.0 ቢያመጡም ሆፕን አያገኙም። በየቤተ ክርስቲያናችንና በየመስጊዳችን እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ፤ ሲመረቁ እናጨበጭብላቸዋለን፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እኔ ጉብዝና አይሸለም አልልም። የምለው፣ ከደመወዝተኛው ኪስ በአምስትና በአሥር ዶላር የሚሰበሰብ ገንዘብ መጀመሪያ የደመወዝተኛውን ልጅ ማየት አለበት ነው። ጆርጂያ ለረጅም ዓመታት በችግር መጠን የሚሰጥ ሰፊ የስቴት ድጋፍ ከሌላቸው በጣም ጥቂት ስቴቶች አንዷ ሆና ቆይታለች። አሠራሩ የማይታወቅ ሆኖም አይደለም። ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ ጥቂት መቶ ዶላር ጎድሎባቸው ሊሰናበቱ የነበሩ ተማሪዎችን ጉድለቱን እየሞላ አስቀርቷል፤ በአማካይ 900 ዶላር ገደማ ነበር ለአንድ ተማሪ የወጣው። ዘጠኝ መቶ ዶላር! በየሠርጉ አዳራሽ ከዚያ በላይ ለአበባ ይወጣል። ምክር ቤቱ የሎተሪውን መጠባበቂያ ገንዘብ ይዞ በሚቀመጥባቸው ዓመታት ይህን ማስፋት ይችል ነበር፤ ድምፅ የምንሰጥ ሰዎች ነን፣ እጩዎቹም ቡና ሊጠጡ ወደ ምግብ ቤቶቻችን ይመጣሉ፣ ያኔ እንጠይቃቸው።

እስከዚያው ድረስ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሁሉ ዛሬ ማታ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የሆፑን ጂፒኤ ይክፈት። የትምህርት ቤቱን ወረቀት አይመን። ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የቅድሚያ ማመልከቻው ኦክቶበር 15 ላይ እንደሚዘጋ ይወቅ፤ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ ላይ ነው የምንነቃው።

የወዳጄ ልጅ ባለ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባች። ፔሉ የትምህርቱን ይከፍላል፣ ቅዳሜና እሑድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሆፕን ያላገኘ ተማሪ ኮሌጅ ገብቶ 30 ክሬዲት ሲሞላ 3.0 ካለው እንደገና ይታያል፤ ይህንንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። አሁን 27 ላይ ናት፣ ውጤቷ ከ3.5 አልወረደም። ባለፈው ሳምንት ማደያው ጎራ ብዬ ነበር። ወዳጄ ለአንድ ሰውዬ ትኬት እየቆረጠ ሳለ ቀና ብሎ አየኝና ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ ሦስት ጣቶቹን አሳየኝ። «ሦስት ቀራት» አለኝ።