የቀበና ቁልቁለትና የቀን ገቢ

በቀበና መንገድ ላይ ሰው በተገጨ ቁጥር የምንሰማው ፍርድ አንድ ነው። «ሾፌሩ ዕብድ ነው፤ ረዳቱ ባለጌ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሱ የት ሄዶ ነው?» ይባላል። በማግሥቱ ነገሩ ይረሳል። ይህን ከተራው መንገደኛ መስማታችን አያስደንቀንም። የሚያስደንቀን ስለ ምርትና ስለ ደመወዝ መጽሐፍ ሲያገላብጡ የሚውሉ ጓደኞቻችን ያንኑ ቃል በቃል ሲደግሙት መስማታችን ነው። ስለ እንግሊዝ አገር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሲጠየቁ ነገሩን ከሥር መሠረቱ የሚያስረዱ ሰዎች፣ በየጧቱ ስለሚያሳፍራቸው ሾፌር ሲጠየቁ ግን «ባሕርዩ ነው» ብለው ያልፋሉ።

እኛ ባሕርዩ አይደለም እንላለን። ሒሳቡ ነው።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርገው ወደ መገናኛ ከሚመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች መካከል ብዙዎቹን የሚነዱት ባለቤቶቻቸው አይደሉም። መኪናው የባለንብረቱ ነው፤ ሾፌሩ በየማታው ቁርጥ ያለ የቀን ገቢ ያስገባል። መንገድ ቢዘጋ፣ ዝናብ ቢጥል፣ ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ቢሰለፍ ያ ገቢ በቀላሉ አይቀነስለትም። ነዳጁ ከተሰበሰበው ይወጣል፤ የረዳቱ ከዚያው፤ የተራ አስከባሪው ከዚያው፤ ቅጣት ቢመጣም ከዚያው። ለሾፌሩ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። እንግዲህ አንድ ሾፌር በቀን 12 ምልልስ ይሠራል እንበል። የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 7 ለባለንብረቱ ይሆናሉ፤ ቀጥለው የሚመጡት ለነዳጅና ለረዳት። የልጆቹ ዳቦ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ምልልሶች ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ምልልስ የጎደለበት ሾፌር ያጣው የዕለት ሥራውን 12ኛ እጅ አይደለም፤ ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባውን ግማሽ ነው።

ይህ ሰው ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ቀበና ድልድይ ሲወርድ ፍሬን መርገጥ ለእርሱ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዜብራ ላይ ቆሞ አንዲት አሮጊት እስክትሻገር መጠበቅ ገንዘብ ነው። ከኋላው ሌላ ሚኒባስ አለ፤ ያ ከቀደመው በእንግሊዝ ኤምባሲ አጠገብ የቆመውን ሰው ያነሣበታል። ስለዚህ ይሽቀዳደማል። ሰው ካየ ከመሐል አስፋልት ወደ ዳር ድንገት ይታጠፋል። ትርፍ ሰው ይጭናል። ሲመሽና ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ መንገዱን አቆራርጦ ይጭናል፤ ይኸውም አንዱን ታሪፍ ሁለት ለማድረግ ነው። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ የሚጮኸውም የሰውን ክብር ስለማያውቅ አይደለም፤ የእርሱም አበል በዚያች በአንዲት ሰው ትርፍ ውስጥ ስላለ ነው። ፖሊስ እነዚህን ጥፋቶች ለየብቻ ይመዘግባቸዋል። ምንጫቸው ግን አንድ ነው።

ማስረጃ የሚሻ ካለ ሩቅ አይሂድ። በዚሁ ቁልቁለት የመምህራንና የሠራተኞች ሰርቪስ ይወርዳል፤ አንበሳ አውቶቡስም በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ዝናብ፣ በዚሁ መጨናነቅ ውስጥ ይሠራል። ሾፌሮቻቸው ከጥፋት ነጻ ናቸው አንልም። ዳሩ ግን የአንበሳ ሾፌር ከሌላ አንበሳ ጋር ለአንድ ተሳፋሪ ሲል ሲጋፋ ያየ አለን? አስተዳደጋቸው የተለየ አይደለም፤ ደመወዝተኞች ስለሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በአገራችን በመንገድ አደጋ ሞተው የተመዘገቡት 4,352 ሰዎች ሲሆኑ፣ ድርጅቱ ራሱ ለ2016 እ.ኤ.አ. የገመተው ግን ከ27,000 በላይ ነው። ግምቱ ከእውነቱ ከቀረበ፣ ከ20,000 የሚበልጥ ወገናችን መሞቱ እንኳ በመዝገብ አልሰፈረለትም ማለት ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከሟቾቹ የሚበዙት እግረኞች ናቸው፤ የመኪና ባለቤቶች አይደሉም፤ በሚኒባሱም ውስጥ የተቀመጡት አይደሉም። በቀበና ይህ ማለት ደብተሩን ይዞ ወደ ኮከበ ጽባሕ የሚሮጠው ልጅ ነው። ከእንጦጦ ሥር ጭራሮ ተሸክማ በፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ የምትወርደው እናት ናት፤ እርስዋ እንኳንስ ልትሮጥ አንገትዋን አዙራ ልታይ አትችልም። የታሪፍ ሳንቲም አጥቶ በእግሩ ወደ ሥራ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ ነው። በሚኒባሱ ያልተሳፈረው ሰው የሚኒባሱን ሒሳብ በሕይወቱ ይከፍላል።

ለዚህ ነገር እስከ ዛሬ የተሰጠው መልስ ቅጣት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 ጥፋትን በነጥብ እየመዘገበ መንጃ ፈቃድ እስከ ማሳገድ የሚደርስ ነበር። ደንቡ በአዲስ አበባ ሊሠራበት ሲል በየካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ከተማውም በእግሩ ሄደ። አፈጻጸሙ ለሦስት ወር እንዲዘገይ ተደረገ። ያን ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ «ሾፌሮች ሕግ ጠሉ» አለ ማለት ይቻላል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። የቀን ገቢው ሳይቀነስ፣ የሥራው ሰዓት ሳይወሰን፣ ቅጣቱ ብቻ ሲጨመር ሾፌሩ የቅጣቱን ገንዘብ ከየት ያመጣል? መልሱ ግልጽ ነው። በፍጥነት ያመጣዋል፤ የተቀጣበትን ዋጋ ለማካካስ አንድ ምልልስ ይጨምራል። ጧት ስለ ፍጥነት የተቆረጠው ክስ ማታ ራሱ ፍጥነት ሆኖ ይመለሳል።

ሁለተኛው መልስ መንገዱን ማሳመር ሆኖአል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የአራት ኪሎና የመገናኛ መንገድ ታድሶአል፤ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቶአል፤ ሌሊቱም በርቶአል። ይህን መልካም ሥራ አንነቅፍም፤ በጭቃ የምንሄደው እኛው ነበርን። ነገር ግን የለሰለሰ አስፋልት ለሚቸኩል ሰው ምን እንደሚነግረው መሐንዲሶቻችን ያውቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በመቶ 1 ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በመቶ 4 ያህል ይጨምራል። እንግዲህ የመንገዱ መታደስ የመሻገሪያዎቹን መብዛትና የፍጥነት ማብረጃውን ካላስከተለ፣ ያማረው ለእይታ ብቻ ነው።

«ሾፌር በደመወዝ ከተቀጠረ ይለግማል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማን ይጭነናል?» የሚሉን አሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሾፌሮች የሚከፈላቸው በጫኑት ሰው ቁጥር ስለ ነበር አውቶቡሶቹ በየፌርማታው ይጋፉ ነበር፤ የአገሩም ሰው ይህን «የሳንቲም ጦርነት» ይለው ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ትራንስሚሌኒዮ የተባለው መሥመር ሲከፈት ለኩባንያዎቹ የሚከፈለው አውቶቡሶቻቸው በሄዱት ኪሎ ሜትር ሆነ። ሰው ኖረም አልኖረም አውቶቡሱ በሰዓቱ መውጣት ግድ ሆነበት። በዚያ ጎዳና ላይ አደጋው በእጅጉ ቀነሰ፤ አሮጌው አሠራር በቀረበት የከተማው ክፍል ግን ጦርነቱ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ሰዎቹ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የአከፋፈሉ ነው። ልግመትን የሚፈራ እንግዲህ ሰዓት ይቁጠር፤ ሬሳ ከመቁጠር ይቀላል።

«የኛ አገር አይለወጥም» ለሚለው ደግሞ ብዙ አንመልስለትም። በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መኪና ሁሉ በአንድ ቀን ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሮ መነዳት ጀምሮአል።

ስለ ሾፌሩ የምንናገርበት አነጋገርም የሚታረም ነው። በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመናሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ መምህራን በዚያው ቀን ሥራ አቁመው ነበር፤ የዚህ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችም ከጎናቸው ወጥተዋል። የቤንዚኑም ዋጋ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንዲቀንስ ተደርጎአል። የዚያን ዘመን ተማሪ ሾፌሩን እንደ ሠርቶ አደር ወንድሙ አየው። የዛሬው ተማሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ «ንዳው እንጂ፣ ፈተና ረፈደብን!» ይለዋል፤ ሰው የተገጨ ዕለት ደግሞ ዕብድ ይለዋል። ሁለቱን በአንድ አፍ መናገር አይገባም። ይህን ስንል ሰው የገደለ አይጠየቅ ማለታችን አይደለም፤ ይጠየቅ፤ ከእርሱ ጋር ግን ያን የቀን ገቢ የወሰነበትም ይጠየቅ።

ማኅበራችን ስለዚህ ጉዳይ ማመልከቻ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦአል። ማመልከቻ ያለ ማስረጃ ወረቀት ነው። ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች የሾፌሩንና የባለንብረቱን ግንኙነት ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር ያመሳክሩት፤ አዋጁ የቀኑ መደበኛ ሥራ ከ8 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ የቀበና ሾፌር ግን ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ላይ ነው። ባለንብረቱ «አልቀጠርሁትም፤ መኪናዬን ነው የሰጠሁት» ይል ይሆናል። ይህ መልስ በሕግ ፊት ይቆም እንደሆነ ይመርመሩልን። የስታትስቲክስና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ደግሞ በቀበና ድልድይ በሁለቱም ወገን ለአንድ ሳምንት በፈረቃ ቆመው ይቁጠሩ፦ ስንት ሚኒባስ ዜብራ ላይ ቆመ፣ ስንቱ አለፈ፣ እግረኛው ለመሻገር ስንት ደቂቃ ጠበቀ። በምሳ ሰዓትም ሾፌሮቹን ስለ ቀን ገቢያቸው ይጠይቁ፤ ስም አይጻፍ። ለዚህ ደብተርና የእጅ ሰዓት ይበቃል። የመጀመሪያው ፈረቃ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ቢጀምር ይሻላል፤ የትምህርት ቤት ልጆች በብዛት የሚሻገሩት ያን ጊዜ ነው።