ክንድም እንደ መሬት ዕረፍት ይሻል

በአሜሪካ አገር፥ በከፍተኛው የቤዝቦል ማኅበር በሜጀር ሊግ፥ እያንዳንዱ ቡድን ከመጋቢት እስከ መስከረም 162 ጊዜ ይጋጠማል። ይህን ያህል ድካም የሚችል ሰውነት በጨዋታው ሰሞን ብቻ ሊታነጽ አይችልምና፤ የተጫዋቹ ዓመት አስቀድሞ በዕቅድ ሊከፈል ይገባዋል።

ቀድሞ ብዙዎች አሠልጣኞች ብረት ማንሣት ሰውነትን ያደነድናል፥ ክንድንም ያሳስራል ብለው ይከለክሉ ነበር። ዳሩ ግን ወርዋሪው ኖላን ራያን ወደ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ከተዛወረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ብረት ማንሣትን ልማድ አድርጎ ያዘ። በ1993 ዓ.ም. ሲሰናበትም በ27 የውድድር ዓመታት 5,714 ጊዜ መቺዎችን በውርወራው አሸንፎ አስወጥቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም በዚህ ቁጥር የደረሰበት የለም።

ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ መሥራት ማለትን ዓመቱን ሙሉ መወርወር አድርጎ መተርጐም ታላቅ ስሕተት ነው። የክርን ጅማት በእያንዳንዱ ብርቱ ውርወራ ይወጠራል፤ ዕረፍት ያጣ እንደ ሆነ እየላላ ሄዶ በመጨረሻ ይበጠሳል። ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የቶሚ ጆንን የግራ ክርን ከቀኝ ክንዱ በተወሰደ ጅማት ጠገነለት፤ እርሱም በ1976 ዓ.ም. ወደ ሜዳ ተመልሶ እስከ 1989 ዓ.ም. ተጫወተ። ጥበቡ የሚያስመሰግን ቢሆንም፤ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ሳይቀሩ ለዚሁ ሕክምና መዳረጋቸው የሚያሳዝን ነው።

የመልካም ዕቅድ ሥርዓቱ ይህ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ውርወራ ይቆማል፤ ክንድ ያርፋል። ቀጥሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ከባድ ብረት በማንሣት እግር፥ ዳሌና ጀርባ ይጠነክራሉ፤ የውርወራ ኃይል ከእግር ተነሥቶ በወገብ አልፎ ወደ ክንድ የሚደርስ ነውና። ከጥር ወዲህ ክብደቱ እየቀለለ ለሩጫና ለዝላይ ስፍራ ይለቃል፤ ውርወራም ከአጭር ርቀት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ጨዋታው ሲጀመር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚደረግ አጭር ልምምድ የተገኘውን ጉልበት ለመጠበቅ ይበቃል።

ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ለወጣቶች ያወጡት መመሪያም፤ ወርዋሪ ልጅ በየዓመቱ ቢያንስ 4 ወር፥ ከዚያውም ውስጥ 2 ወይም 3 ወር በተከታታይ፥ ከውርወራ እንዲያርፍ ይመክራል። ወላጆችና አሠልጣኞች ይህን ምክር ሊያከብሩት ይገባል። ለአንድ ሰሞን ድል ብሎ የልጁን ክንድ የሚያደክም አሠልጣኝ፤ የዘሩን እህል እንደ በላ ገበሬ ነው።