«የማን ልጅ ነህ?» ታማኝነት የሚጠየቀው ተጫዋች ብቻ ነውን?

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር ሁለት ዓይነት ክርክር ይነሣል። አንደኛው በውጭ አገር ተወልደው ወይም አድገው የሌላ አገር መለያ በለበሱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ የሚቀርብ ክስ ነው፤ «አገሩን ካደ»፣ «ደሙን ሸጠ» ይባላል። ሁለተኛው እዚሁ አገር ቤት የሚካሄደው ቆጠራ ነው፤ የተመረጡት ተጫዋቾች ዝርዝር እንደወጣ የኳስ ችሎታቸው ቀርቶ የአባትና የአያታቸው ስም ይመረመራል፤ ከየትኛው ብሔር ስንት እንደገባ፣ አሠልጣኙስ የየት አካባቢ ሰው እንደሆነ ይሰላል።

ሁለቱ ክርክሮች የሚራራቁ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊነትን ያጠበቀ፣ ሁለተኛው ያላላ ተደርጎ ይወሰዳል። እንደ እኔ እምነት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም ተጫዋቹን «ምን ትችላለህ?» ከማለት ይልቅ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ሁለቱም ታማኝነትን ከአንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈል ግብር ይቆጥሩታል። ታማኝነት ግን ውል ነው፤ ውል ደግሞ ሁለት ወገን አለው። ከተጫዋቹ ታማኝነትን የሚጠይቅ አገር አስቀድሞ የራሱን ድርሻ መክፈል አለበት።

ነገሩን ከታሪካችን እንጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የያኔዋን የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። እስከ ዛሬ ያለን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ እርሱ ነው። አራቱን ግቦች ማን አስቆጠራቸው? ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ። አምበል ሆኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነበር። ይህ ሰው የአሥመራ ልጅ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢጣሊያዊ። የፋሺስት ጦር ከአገራችን ከተባረረ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። በስታዲየሙ ከተቀመጡት መካከል በወረራው ዘመን አባቱን ወይም ወንድሙን ያጣ ብዙ ሰው እንደነበረ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚያው ወረራ ምክንያት በስደት የኖሩ ናቸው።

እንግዲህ «የማን ልጅ ነህ?» መመዘኛ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ ከሜዳ የሚወጣው አምበሉ ነበር። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ያ ቡድን ግን የቆመው በሌላ ጥያቄ ላይ ነው፤ ማን ይጫወታል? ማንስ ይመራል? ዛሬ በዚያ ዋንጫ የምንኮራ ሁሉ፣ ዋንጫውን ያስገኘልንን መመዘኛ ግን ጥለነዋል።

የሉቺያኖን ታማኝነት የሚጠይቅ ካለ መልሱ ሜዳ ላይ ተሰጥቷል። እኔ የምጠይቀው ሌላኛውን ወገን ነው፤ ኢትዮጵያስ ለሉቺያኖ ምን ያህል ታማኝ ነበረች? በደርግ ዘመን አገሩን ለቅቆ ተሰደደ። ቀሪ ዘመኑን በኢጣሊያ አሳልፎ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አረፈ። ለአገሪቱ ትልቁን የእግር ኳስ ክብር ያመጣ አምበል በባዕድ አገር ሲያረጅ «አገሩ ከዳችው» ብሎ የጮኸ አልነበረም። ክህደት የሚባለው ቃል በእኛ ዘንድ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚወረወር ድንጋይ ነው።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ጌልዘንኪርሸን የተወለደው ሜሱት ኦዚል በ2014 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ጋር የዓለም ዋንጫን ሲያነሣ የአዲሲቱ ጀርመን ምልክት ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ከኤርዶዋን ጋር ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ጀርመንም ከምድብ ማጣሪያው ተሰናበተች። ፎቶግራፉ ሊተች ይችላል፤ ለሽንፈቱ ምክንያት ተደርጎ የወላጆቹ አገር ሲቆጠርበት ግን ነገሩ ትችት መሆኑ ቀረ። ኦዚልም ሲያሸንፉ ጀርመናዊ፣ ሲሸነፉ ስደተኛ መደረጉን ተናግሮ ብሔራዊ ቡድኑን ለቀቀ። በድል ቀን የሚሰጥ፣ በሽንፈት ቀን የሚነጠቅ ዜግነት ውሰት እንጂ ዜግነት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልጆች እንመለስ። ጌዲዮን ዘላለም በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ አርሰናል ገባ። በጀርመን የወጣት ቡድኖች ተጫውቶ፣ በ2014 መጨረሻ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉዳዩን ይዞ ፊፋ ድረስ ሄዶ በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አመጣለት። በእኛ መንደር ደግሞ አንዳንዱ «የእኛ ልጅ» እያለ ይፎክር፣ ሌላው «ከሃዲ» እያለ ይሳደብ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ ይህ ወጣት ኢትዮጵያን ልምረጥ ቢል ሕጋችን ምን ይለው ነበር? የፊፋ ደንብ ለአንድ አገር የሚሰለፍ ሰው የዚያ አገር ዜጋ እንዲሆን ግድ ይላል። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በአንቀጽ 20 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። በውጭ አገር በመወለዱ ወይም በወላጁ ምክንያት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ ዕጣው ያው ነው። አንባቢ ሆይ፣ «እንደተወ ይቆጠራል» የሚለውን ሐረግ ልብ ይሏል። ልጁ «ትቻለሁ» አላለም፤ ተወ ያልነው እኛ ነን። በአዋጅ አስወጥተነው ስናበቃ «ለምን ወጣህ?» ብለን የምንከስሰውም እኛው ነን!

በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ መታወቂያ ሰጥተናል። መታወቂያው ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ሥራ ለመሥራትና ገንዘብ ለማፍሰስም በር ይከፍታል። ዜጋ ግን አያደርግም። የልጁን ዶላር በደስታ የሚቀበል፣ ልጁን ግን በሩ ላይ የሚያቆም ሕግ ስለ ደምና ስለ አጥንት የማውራት መብት የለውም። በ2005 ዓ.ም. ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ውስጥ በአሜሪካ የወጣት ቡድኖች ተጫውቶ የነበረው ፉአድ ኢብራሂምና ከስዊድን የመጣው ዩሱፍ ሳላህ ነበሩ። ለአንድ ሁለት ልጆች መንገድ መገኘቱ ግን ሕጉን አልለወጠውም።

ስለ ታማኝነት ከተነሣ ዘንድ ተቋሙም ይጠየቅ። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ከዚያ ጨዋታ ውጪ መሆን የነበረበት ተጫዋች ግን ተሰልፎ ነበር። ከቀናት በኋላ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ረትተን ሕዝቡ በየጎዳናው ሲጨፍር ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ፤ በመጨረሻም የቦትስዋናው ድል ተሰርዞ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተመዘገበ። ተጫዋቾቹ በላባቸው ያመጡትን ሦስት ነጥብ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ቢጫ ካርድ መቁጠር አቅቶት አስረከበው። የተጫዋችን ብሔር የሚቆጥር ሞልቷል፤ ካርዱን የሚቆጥር ጠፋ! ያም ሆኖ ቡድኑ ምድቡን በአንደኝነት አጠናቀቀ። ታዲያ ለአገሩ ታማኝ የነበረው ማን ነው?

የአገር ቤቱ ቆጠራ የባሰ መርዝ አለው። በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በወልድያና በመቀሌ ክለቦች ደጋፊዎች መካከል የተነሣው ግጭት የእግር ኳስ ጠብ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ፖለቲካው የዘራውን ስታዲየሙ አጨደ። የብሔራዊ ቡድን ምርጫ በኮታ ይሁን የሚሉ ወገኖች ይህንኑ እሳት ወደ መጨረሻው የጋራ ቤታችን ሊያስገቡት ነው። በኮታ የገባ ተጫዋች ኳስ በሳተ ቁጥር የሚሰደበው ብሔሩ ነው፤ በችሎታው የገባው ግን ቢስት የሚጠየቀው ራሱ ብቻ ነው። አድልዎ የለም ማለቴ አይደለም። የአድልዎ መድኃኒቱ ግን ሌላ አድልዎ ሳይሆን የተጻፈና ይፋ የሆነ መመዘኛ ነው።

«በሩ ከተከፈተ በሊጋችን አቧራ ላይ የሚለፋው ልጅ ይገፋል፤ ቡድኑም የቅጥረኞች ገበያ ይሆናል» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ይህ ቁም ነገር ያለው ስጋት ነው። መልሱን ሞሮኮ ትስጥ። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የበቃች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ስትሆን ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ በውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ፤ አሽራፍ ሃኪሚ ማድሪድ፣ ሃኪም ዚየሽ ኔዘርላንድስ። ነገር ግን በዚያው ቡድን ውስጥ ኤን ኔሲሪ፣ አገርድና ኡናሂ አገር ቤት በተገነባው የመሐመድ ስድስተኛ አካዳሚ ያደጉ ናቸው። የአገር ቤቱን ልጅ የሚገፋው ከውጭ የሚመጣው ወንድሙ ሳይሆን ሜዳና አካዳሚ የነፈገው ወገን ነው። እዚህም ላይ ነገራችን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ሕጉን፣ ፌዴሬሽኑንና በጀቱን መናገር ስለምንፈራ የሃያ ዓመት ልጅን እንገርፋለን።

ስለዚህ ክሱን አቁመን ዕዳችንን እንክፈል። ምክር ቤቱ የሁለት አገር ዜግነትን ጉዳይ በግልጽ ተከራክሮ ሕጉን ያሻሽል። ፌዴሬሽኑ የምርጫ መመዘኛውን በጽሑፍ ያውጣ፤ አሠልጣኙም ለምን ይህን መርጦ ያንን እንደተወ በዚያ መመዘኛ ይጠየቅ። ባለውለታዎችም ሳይሞቱ ይታሰቡ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በሩ ተከፍቶለት «ሌላ አገር ይሻለኛል» የሚል ወጣት ቢኖር፣ ምርጫው ነውና መልካም ዕድል ብለን እንሸኘው። እስከዚያ ድረስ ግን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የመጠየቅ መብት የለንም። ልጁ መልሶ «እናንተስ የማን ወላጆች ናችሁ?» ቢለን የምንመልሰው የለንምና።

ልቦና ይስጠን!