በሩን የምትከፍተው ልጅ

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መዝገቧን ይዛ ስታንኳኳ፣ በአዲስ አበባ በብዙ ግቢ በሩን የምትከፍተው የቤት ሠራተኛዋ ናት። «እትዬን ልጥራልዎት» ብላ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች። ስለ ቤተሰብ ምጣኔም ሆነ ስለ ኤችአይቪ ምርመራ የሚነገረው ለእትዬ ነው። ምክሩ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ልጅ ቡና እያፈላች ነው።

የወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ሲነሳ ሁላችንም ትምህርት ቤት እናስባለን። ፀረ ኤድስ ክበቡም ሚኒ ሚዲያውም እዚያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የማኅጸን በር ካንሰር ክትባት እንኳ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በዋናነት የተሰጠው በየትምህርት ቤቱ ነበር። በደላላ በኩል ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የገባች ልጅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት።

የምታውቀውን የምታውቀው ከጓደኛ ነው፤ እሱም ጎደሎ ነው። ፖስትፒል ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ፣ እርግዝናን እንደሚከላከል ትሰማለች። ከኤችአይቪም ሆነ ከሌላ የአባላዘር በሽታ እንደማያድናት የሚነግራት የለም። ተደፍራ ከሆነ ደግሞ፣ በዚያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት እንዳለ ሳትሰማ ሦስቱ ቀን በለቅሶ ያልፍባታል። የደፈራት የቤቱ ሰው ሲሆንስ ለማን ትናገር? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

መፍትሔው የማይታወቅ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም ልጆቹን ትምህርት ቤት አልጠበቃቸውም። ሴት አስተባባሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አሠሪዎችን እያግባቡ ልጃገረዶቹን አስፈቀዱ። በቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበው ፊደልም፣ ስለ ኤችአይቪም፣ ስለ ገላቸውም ተማሩ። ከባዱ ሥራ ማስተማሩ ሳይሆን አሠሪን ማሳመኑ ይመስለኛል። «ዓይኗ ይገለጣል» የሚል ፍርሃት አለና። ዓይኗ ሳይገለጥ ያረገዘችውን ግን በር ዘግተን የምናባርረው እኛው ነን።

ስለዚህ ልመናዬ ሠራተኛ ለቀጠራችሁ አንባቢዎች ነው። ባለሙያዋ ስትመጣ ልጅቷንም አስቀምጧትና ሁለቱን ብቻቸውን ተዉአቸው። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ስትጠይቅ ምክንያቷን ሳትመረምሩ፣ ከደመወዟም ሳትቆርጡ ፍቀዱላት።